ገናን በጓሮ በር

በበዓል ሰሞን ሰውን የሚያስጨንቀው ግርግር ነው ይላሉ። ውሸት ነው። ግርግር ማንንም አስጨንቆ አያውቅም። ግርግር ውስጥ የገባ ሰው ቢበዛ ጫማው ይረገጣል፣ ኪሱ ይዳበሳል፣ የበግ ቀንድ ጎኑን ይጎሽመዋል፤ ማታ ቤቱ ገብቶ ያንኑ እያወራ ይስቃል። እውነተኛው ጭንቀት ያለው ሰው በማይበዛበት መንገድ ላይ ነው። ይህን ያነበብኩት አይደለም። ያነበብኩትማ ተቃራኒውን ነበር፤ ጉዱም የመጣው ከዚያ ነው።

ነገሩ የሆነው ኢሕአዴግ ገና ጥርሱን በሚያወጣበት፣ ሞባይል የሚባለው ዕቃም ከአዲስ አበባ ሀብታም ወገብ ላይ ወርዶ ጎጃም ባልገባበት ዘመን ነው። የእኔን ጥርስ ደግሞ ሐኪም ሊነቅልልኝ ቀጥሮኛል። ተራ ስጠብቅ አንድ ሽፋኑ የተገነጠለ የፈረንጅ መጽሔት እጄ ገባ። በገና ሰሞን ታዋቂ ከተማ የሚጎበኝ ሰው ከሕዝብ ግፊያ እንዴት እንደሚያመልጥ ይመክራል። ከተማው ውስጥ አትደሩ፣ አጠገቡ ያለች ትንሽ ከተማ እደሩ። በማለዳ ግቡ። ዋናውን መንገድ ትታችሁ በጓሮ ጓሮው ሂዱ። መምጣታችሁን አታውሩ። ሻንጣ አታብዙ። እኔ ብዙ ያነበብኩ ሰው ነኝ። ብዙ ያነበበ ሰው ችግሩ ደግሞ ያነበበውን ማመኑ ነው። ጥርሴን እዚያ ትቼ ምክሩን ይዤ ወጣሁ።

ታዋቂው ከተማ ፍኖተ ሰላም ነው። አትሳቁ። የፈረንጁ መጽሔት አያውቀው ይሆናል፤ በገና ዋዜማ ግን ከፈረስ ቤት ደጋ ቁልቁል የሚወርደውን፣ ከደምበጫ በኩል የሚጎርፈውን፣ በግ የሚጎትተውን፣ ዶሮ ዘቅዝቆ የያዘውን ያየ ሰው ዓለም ሌላ ከተማ የላትም ብሎ ይምላል። በዚያ ላይ የትውልድ አገሬ ነው። ሌላ ቦታ የገፋህ ሰው ገፍቶህ ያልፋል። በትውልድ አገርህ ግን የገፋህ ሁሉ ዘመድህ ነው። ዞሮ ያይህና ይስምሃል፤ ስሞህ ሲያበቃ ስለ ሚስትህ፣ ስለ ልጆችህ፣ ስለ ጤናህ፣ ስለ አዲስ አበባ ዝናብ ይጠይቅሃል፤ አንተም የእሱን ሰዎችና ከብቶች አንድ ባንድ መጠየቅ አለብህ። ከመናኸሪያው እስከ አክስቴ ቤት ያለውን አጭር መንገድ አንድ ዓመት ጠዋት ጀምሬው ለራት ነው የጨረስኩት።

አክስቴ ባንቺአየሁ ያሳደገችኝ ሴት ናት። የዚህ ወግ ጭንቀት ሁሉ እሷ ላይ ነው። ልቧ ደካማ ስለሆነ ሐኪሙ «ድንጋጤ እንዳይነካት» ብሎ አስጠንቅቋል። ያላት አንድ ልጅ ነው፤ ይበልጣል ይባላል። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ከጓደኞቹ ጋር ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወረደ። አጨዳው አለቀ፣ ጓደኞቹ ተመለሱ፣ እሱ ግን የለም። ወባ ጥሎታል የሚል አለ፣ ሱዳን ተሻግሯል የሚል አለ። «እሷ በር በሩን ስታይ ነው የምትውለው፤ ለገና እንኳ ሄደህ አብረሃት ብትውል ምን አለበት?» አሉኝ ዘመዶቼ። ልክ ናቸው። እናም ሐኪሙ አታስደንግጧት አለ፣ መጽሔቱ በጸጥታ ግቡ አለ። ሁለት የማይተዋወቁ ሊቃውንት በአንድ ነገር ሲስማሙ መጠርጠር ነበረብኝ፤ አልጠረጠርኩም።

አውቶብሱ ፍኖተ ሰላም ሲደርስ እኔ ከመቀመጫዬ ንቅንቅ አላልኩም። አጠገቤ የተቀመጠች፣ ከደምበጫ ጀምሮ ስታጫውተኝ የመጣች ሴት ደነገጠችልኝ።

«አንቱ! ፍኖተ ሰላም ነው የምወርደው አላሉኝም? አለፈዎት'ኮ!»

«አውቃለሁ። ቡሬ ወርጄ ወደ ኋላ እመለሳለሁ።»

«ምነው? የረሱት ዕቃ አለ?»

«የለም። ሰው እንዳይበዛብኝ ነው።»

ትንሽ አየችኝና ዶሮዋን ወደ ጭኗ ሳበች። ከዚያ በኋላ እስከ ቡሬ ድረስ አላነጋገረችኝም። ሰው መሸሽ እንዲህ በቶሎ ይሠራል ብዬ ተደሰትኩ።

ቡሬ ላይም ከመናኸሪያው አጠገብ ያሉትን፣ መንገደኛ የሚተራመስባቸውን ማደሪያዎች ትቼ ከከተማው ዳር ሰው የሌለበት ሆቴል ፈለግኩ። ሰው አልነበረበትም። ቁንጫ ግን ነበረበት። ለካስ ቁንጫዎቹም ያን ሰሞን እንግዳ አጥተው ከርመዋል። ሲነጋ ዓይኔ በርበሬ መስሏል። ለሕዝብ ማመላለሻው ከመሰለፍ ብዬ እህል የጫነ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ገባሁና ከፍኖተ ሰላም በፊት ካለች መንደር ወረድኩ። ከዚያ ወዲያ በማሳ ለማሳ፣ ከዚያም በአክስቴ ጓሮ መግባት ነው።

የታኅሣሥ ማለዳ ውርጭ ጆሮ ይቆርጣል። ነጠላዬን አዙሬ ጥለቱን ወደ ላይ፣ ወደ አንገቴ አወጣሁት፤ ጥለቱ ወፈር ስለሚል ያሞቃል። ጢሜን ካልተላጨሁ ሰንብቻለሁ፤ ሰው ሁሉ ለበዓል ስለሚላጭ እኔ አልላጭም፤ ከወጣትነቴ ጀምሮ አቋሜ ነው። ሻንጣ አታብዙ ስለተባልኩም ለይበልጣል የያዝኩለትን ኮት በክንዴ ላይ አንጠልጥዬዋለሁ። ድንገት ከመጣ ይለብሰዋል፣ ካልመጣም እናቱ ስታየው ተስፋ ይሆናታል ብዬ ነበር። ይኸን ሁሉ እንዴት እንዳሰብኩት ዛሬ ሳስበው ያመኛል።

ከመንደሩ ትንሽ እንደራቅኩ አንድ ሽማግሌ አውድማ ላይ ጤፍ ሲያበራይ አገኘሁ።

«እንደምን አደሩ አባቴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንደምን አደሩ አንቱ? ከወዴት ነው በማለዳው?»

«ከአዲስ አበባ።»

«ከአዲስ አበባ … በዚህ በኩል?»

«በዋናው መንገድ መግባት አልፈለግኩም።»

«ማን ዘንድ ነው?»

«ወይዘሮ ባንቺአየሁ ዘንድ። ያውቋታል?»

በሬዎቹን አቆማቸው። «የዚሁ አገር ልጅ አይደለች? ልጇ መተማ የወረደባት» አለ። ዓይኔን አየ። ጢሜን አየ። ነጠላዬን አየ። ኮቱ ላይ ሲደርስ ዓይኑ እዚያው ቀረ።

«መምጣትዎን ታውቃለች?» አለኝ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አታውቅም። እባክዎ ለማንም አይንገሩብኝ። ልቧ ደካማ ስለሆነ ሳላስደነግጣት ቀስ ብዬ ልግባ ብዬ ነው።»

ሽማግሌው የያዘውን መንሽ ገለባው ላይ ሰክቶ ጋቢውን አነሳ። «ብቻዎን አይሄዱም» አለ።

«ኧረ ሥራዎን አይፍቱ።»

«ሥራ ይደርሳል። እንዲህ ላለ ነገር ያልዋለ ሰው ለምን ይሆናል!»

አያ ፈንቴ ይባላሉ። (በልቤ አንቱ ያልኳቸው ያን ጊዜ ነው። በሬውን ፈትቶ እንግዳ የሚሸኝ ገበሬ አዲስ አበባ የለም።) መንገድ ጀመርን። ጥቂት እንደሄድን ሁለት ጎልማሶች ከአንድ ግቢ ወጥተው አንገታቸውን ደፋ አድርገው ተከተሉን። ቀጥሎ ሴቶች። ማንም አያወራም፣ ማንም አይስመኝም፣ ማንም ስለ ሚስቴ አይጠይቅም። እኔ ደስታዬ ወሰን አጣ። ስለ ገበሬ ጨዋነትና ስለ ከተሜ ቀባጣሪነት አንድ ረዥም ጽሑፍ በልቤ ጀመርኩ፤ መግቢያው ያማረ ነበር።

ጽሑፌ መሀል ላይ ስደርስ ዞር አልኩ። ከኋላዬ ያለው ሰው ለአንድ ሰርግ ይበቃል። ፈጠን አልኩ፤ ፈጠኑ። ቀስ አልኩ፤ ቀስ አሉ። ግራ ገብቶኝ ሽንቴ የመጣብኝ መስዬ ወደ አንድ ቁጥቋጦ ዞር ብል ያ ሁሉ ሕዝብ ቆሞ፣ አቀርቅሮ ጠበቀኝ። በሕይወቴ እንዲህ ተከብሬ ሽንቴን ሸንቼ አላውቅም። አልመጣም እንጂ።

ወደ መንገዱ ተመለስኩ። ከመንገዱ ላይ ዶሮ ወደ ገበያ ይዛ ስትሄድ ተመልሳ የተቀላቀለችን አንዲት ሴት ጠጋ አለችኝ።

«ወንድሜ፣ ታሞ ነው ወይስ ድንገት?»

«ማን?»

«ይበልጣል ነዋ!»

«ይበልጣል ሞተ እንዴ?!» ብዬ ጮኽኩ።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አመንኩ። ያ ሁሉ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይከተለኛል፣ እኔ ማን ነኝና አላምንም? እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሴቶቹ «አንጀቱ አልችል አለ፣ ይዞት ይዞት መጥቶ» እያሉ ደገፉኝ። ንፍጤን እየጠረግኩ «ማን ነገራችሁ? መቼ ሰማችሁ?» አልኩ።

«ከእርስዎ ነዋ የሰማነው» አሉ አያ ፈንቴ።

«እኔ ምን አልኩ?»

«ምንም አላሉም። ጨዋ ሰው ምን ይላል?»

ነጠላዬን አየሁት። ጥለቱ አንገቴ ላይ እንደ ሐዘንተኛ ጥለት ተቀምጧል። ኮቱ በክንዴ ላይ እንደ ሟች ልብስ ተንጠልጥሏል። ጢም፣ የቀላ ዓይን፣ ማለዳ፣ የጓሮ መንገድ፣ «ለማንም አይንገሩብኝ»። ያ የፈረንጅ ጸሐፊ የጎብኚ ምክር የጻፈ መስሎት ለካስ አንድም ሳይቀረው የጎጃም መርዶ ነጋሪ ደንብ ኖሯል የጻፈው።

«ስሙኝ!» አልኩ። «የሞተ ሰው የለም! እኔ የመጣሁት ለገና ነው!»

አያ ፈንቴ ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ። «እንዲህ ነው እንጂ። ለእሷም መጀመሪያ እንዲሁ ይበሏት። ኋላ ቀስ በቀስ ይገባታል።»

«አባቴ፣ በእግዚአብሔር ስም፣ እውነቴን ነው!»

«እውነትዎን ነው። ኮቱን ብቻ ጋቢዬ ውስጥ ልያዝልዎት?»

እየካድኩ በሄድኩ ቁጥር መርዶ አነጋገር ያወቅኩ እየመሰላቸው ያከብሩኝ ጀመር። ዶሮ የያዘችው ሴት ግን ተቃወመች። «ነገ ገና ነው፤ በዓሉን ውላ ቢነገራት አይሻልም? ዛሬ ጋድ ነው፣ በባዶ ሆዷ እንዴት ትችለዋለች?»

«ሰው ደጅ ከደረሰ መርዶ አያድርም» አለ አንዱ ጎልማሳ። «ደግሞ ገናን በልታ ጠጥታ ኋላ ብትሰማ ምን ትለናለች?»

«ልክ ነው፣ አያድርም» አሉ አያ ፈንቴ። «ለእድሩም ሰው ልኬያለሁ። ጥሩምባ ነፊው እኛ ደጅ ስንደርስ ይነፋል።»

ጥሩምባ! ያ ጥሩምባ ሲነፋ አክስቴ ወጥታ «ማን ሞተ?» ትላለች። እኔ ልመልስ አፌን ሳልከፍት ከዚህ ሁሉ ሰው አንዱ ይመልስላታል። ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳይነካት ያለው ልብ እዚያው ደጃፏ ላይ ይቆማል፤ በሌለ ሞት ሌላ ሞት ይመጣል። ከጥሩምባው በፊት መድረስ ነበረብኝ። ነጠላዬን ሰበሰብኩና ሮጥኩ።

መርዶ ነጋሪ ሲሮጥ ታይቶ አይታወቅም። ሕዝቡ ለአፍታ ተደናግሮ ቆመና እሱም ይሮጥ ጀመር። የገበያውን መንገድ ስናቋርጥ በግ የሚጎትተው በጉን ይዞ፣ ከአውቶብስ የወረደው ጓዙን ይዞ ከኋላ ተቀላቀለ። በዚያ ዘመን ሰው በማለዳ ተሰብስቦ ከታየ ወይ ቀበሌ ጠርቶታል ወይ ሰው ሞቷል፤ ቀበሌ ጠርቶት የሚሮጥ ሰው ደግሞ የለም። ስለዚህ ማንም ምንም አልጠየቀም። ውሾች ተከተሉን። እኔ፣ ግርግር የሸሸሁት ሰው፣ ፍኖተ ሰላም በዚያ ገና ካስተናገደችው ግርግር ሁሉ ትልቁን ከኋላዬ አስከትዬ አክስቴ ጓሮ ደረስኩ።

የጓሮው በር በእሾህ ተዘግቷል። ዘልዬ ልግባ ስል ነጠላዬ ተያዘ፤ ነጠላዬን ሳላቅቅ ሱሪዬ ተያዘ። ልጮህ አሰብኩ፤ ብጮህ ትደነግጣለች። ዝም ልበል አሰብኩ፤ ዝም ብል ጥሩምባው … ጥሩምባው ተነፋ።

አክስቴ ነጠላዋን እያዘቀዘቀች ከቤት ወጣች። «ወይኔ፣ በጋድ ዕለት! ማነው የሞተው? ቆዩኝ፣ እኔም ልድረስ!» እያለች ነው። ከዚያ እሾህ ላይ የተንጠለጠልኩትን እኔን አየች።

«ልጄ? አንተ ነህ? በጓሮ በኩል ምን አመጣህ?»

ከኋላዬ ያለውን ሕዝብ አየች። ሁሉም እሷን እሷን ያያል። ከዚያ ኮቱን አየች። እኔ ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይይልኝ፣ ኮቱን ከጀርባዬ ደበቅኩት።

«አክስቴ» አልኩ፣ «ማንም አልሞተም።»

በአማርኛ ከዚህ የከፋ ዓረፍተ ነገር የለም። ፊቷ አመድ ሆነ። በአንድ እጇ የቤቱን ምሰሶ ያዘች፣ ሌላውን እጇን ወደ እኔ ዘረጋች፤ ዝም በል እንደማለት።

«አትንገረኝ» አለች። «ቆይ፣ አትንገረኝ። ልቀመጥ።»

ቀስ ብላ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ያን ያህል ሕዝብ ቆሞ የአንዲት ሴት ትንፋሽ ብቻ ሲሰማ ምን እንደሚመስል የማላውቅ ብሆን በወደድኩ። ስንት መጽሐፍ አንብቤ ለአንዲት ሴት ልጅሽ አልሞተም የሚል ቃል አጣሁ።

ያኔ ከሕዝቡ ጫፍ፣ ከወደ ኋላ፣ አንድ ጩኸት ተነሳ።

«ኧረ እናቴን! ኧረ እናቴን! ሳልደርስላት! እናቴን!»

አክስቴ ቀና አለች። ጆሮዋን ወደ ድምፁ ሰጠች። ፊቷ ላይ ድንጋጤ አልነበረም። ጎረቤት ሲጠራት እንደምትሰማው ነው የሰማችው።

«ይበልጣል ነው» አለች።

ሕዝቡ ተከፈለ። አንድ ከሲታ ሰው፣ ፊቱን በሻሽ የጠመጠመ፣ አቧራ የጠጣ፣ በለቅሶ የታወረ፣ እየተደናበረ መጥቶ እሷ ፊት ሲደርስ ቆመ። ሻሹን ከዓይኑ ገፋ አደረገው።

«እናቴ … አልሞትሽም?»

«እኔ?» አለች አክስቴ። «አንተ አይደለህ የሞትከው!»

ኋላ እንደነገረን ወባ ጥሎት መተማ ከርሞ፣ ሲሻለው በባሕር ዳር በኩል መጥቶ፣ ያን ሌሊት ያደረው ቡሬ ነው። አዎ፣ ቡሬ። እኔ በሸሸሁት መናኸሪያ አጠገብ፣ እኔ በሸሸሁት ማደሪያ፣ ከመንገደኛ ጋር ተጨናንቆ። ጠዋት ፍኖተ ሰላም ሲወርድ ሕዝብ ሲሮጥ አይቶ «ወደ ማን ቤት ነው?» ብሎ አንዱን ጠየቀ። «ወደ ባንቺአየሁ ቤት» አለው። ሌላ ጥያቄ መጠየቅ አልቻለም፤ ማን ይችላል? ሰዎቹም ከገጠር የመጡ ስለነበሩ አላወቁትም። የገዛ መርዶውን እያለቀሰ ተከተለ።

እናትና ልጅ ተቃቅፈው ሲላቀሱ ሕዝቡ መጀመሪያ አብሮ አለቀሰ፤ ከዚያ ሳቀ። አያ ፈንቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲያስ የሞተው ማነው?»

«እኔስ ለማን ነው የነፋሁት?» አለ ጥሩምባ ነፊው፤ ጥሩምባውን እንደያዘ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አንድ ሬሳ የደበቅኩባቸው ይመስል ነበር። እኔም ከእሾሁ ላይ ሆኜ ለዚያ ሁሉ ልፋት ካሳ ራሴን ላቀርብ ትንሽ ቀረኝ።

ያዳነችኝ አክስቴ ናት። እንባዋን ጠርጋ ተነሳች። ያ ደካማ የተባለው ልብ ከእኛ ሁሉ ልብ የጠነከረ ሆኖ ተገኘ። «ስለ ልጄ የሮጣችሁ ሁሉ» አለች፣ «ዛሬ ጋድ ነው፤ ምንም አላቀምሳችሁም። ነገ ግን አንድ ሰው ቢቀር እቀየማለሁ። አንተም ጥሩምባ ነፊው፣ ጥሩምባህን ቤትህ ትተህ ና!»

አንድ ሰው አልቀረም። ገናን ከበሩ ጥግ ተጣብቄ፣ እግሬ እየተረገጠ፣ በማላውቃቸው ሰዎች እየተሳምኩ ዋልኩ። አያ ፈንቴ ለመጣ ሰው ሁሉ ታሪኩን እንደ አዲስ ይጀምራሉ፤ እኔን በጣታቸው እያሳዩ። ኮቱን ለይበልጣል ብሰጠው ብርድ እያንቀጠቀጠው «እሱን እንኳ ተወኝ» አለኝ። አክስቴም «ያን ኮት ከቤቴ አውጣልኝ» አለች።

ስሰናበታት እጄን ይዛ አልለቅ አለች። «ልጄ፣ እኔን ጫጫታ አያስደነግጠኝም። ልጄ በጠፋበት ወራት ሁሉ ስፈራ የኖርኩት ዝም ብሎ የሚመጣን ሰው ነው። ደስታ ይዞ የሚመጣማ ከሩቅ ይሰማል። ከእንግዲህ ስትመጣ ከመናኸሪያው ጀምረህ ጩህ።»

ስለዚህ አንተ ይህን የምታነብ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። ለገና ወደ ሰው ቤት ስትሄድ በዋናው መንገድ ሂድ፣ በዋናው በር ግባ። ተገፋ፣ ተረገጥ፣ ተሳም። ኮት ከያዝክ ደግሞ አታንጠልጥለው፤ ልበሰው።